ቶርኖ የሚጥለውና ቶርኖ የሚያበንነው

የእንጨት ሥራን የሚያደንቅ ሰው ዐይኑን የሚያሳርፈው በተሠራው ዕቃ ላይ ነው። የአልጋው እግር እንዴት እንደ ተጠረበ፥ የስኳር ዕቃው ከንፈር እንዴት ተስተካክሎ እንደ ዞረ፥ ቀለሙስ እንዴት እንዳማረ ይመለከታል፤ በእጁ ይዳስሳል፤ ዋጋውን ጠይቆ ይከራከራል። ከዚያ ዕቃ ላይ ተገፎ ስለ ወደቀው እንጨት ግን የሚጠይቅ የለም። ሒሳብ ለሚወድ አንባቢ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ጎንና ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉማጅ ቶርኖ ላይ ታስሮ፥ የግማሽ ኳስ ቅርጽ ያለው፥ ገላው 1 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ጎድጓዳ ሳሕን ይውጣለት እንበል። ጉማጁ 4,000 ኩብ ሳንቲ ሜትር እንጨት ነበር፤ በሳሕኑ ላይ የሚቀረው ግን 570 አይሞላም። እንግዲህ ከሰባት እጅ አንዱ እጅ ለገበያ ሲቀርብ፥ ስድስቱ እጅ በወለል ላይ፥ በልብስ ላይ፥ በጣሪያ ላይ፥ ከዚያም አልፎ በሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ማረፊያውን ይፈልጋል ማለት ነው። እኔ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚሁ ስድስት እጅ ጥቂት ለመናገር ነው።

አንባቢ «ይህ ሰው ስለ ቶርኖ ምን አገባው?» ቢል አይፈረድበትም። በሙያዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ ከገባሁበት መዝገብ ቤት እስከ ዛሬ አልወጣሁም፤ ቀኑን የማውለውም በፋይልና በደብዳቤ መካከል ነው። ነገር ግን የእናቴ ወንድም በአዲስ አበባ የእንጨት ቶርኖ ያላቸው ባለሙያ ስለ ሆኑ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእርሳቸው ዘንድ መዋል ከልጅነቴ ጀምሮ ልማዴ ነው። ሳምንቱን በሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ የሰነበተ እጅ፥ መሮ ጨብጦ እንጨት ሲነካ የሚያገኘውን ዕረፍት የሞከረው ያውቀዋል። የአልጋና የወንበር እግር፥ የደረጃ መደገፊያ ዘንግ፥ ዘነዘና፥ የስኳር ዕቃ ከአጎቴ ቤት ይወጣል። ሥራ ቤታቸው ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ፥ ሦስት ሜትር በአምስት የሚሆን ክፍል ሲሆን፥ አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት አለው። መስኮቱ ለብዙ ዘመን በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍኖ ኖሯል፤ የክረምቱን ብርድ ለመከላከል ነው።

ቶርኖ የሚጥለውን ሁሉ በአንድ ስም «ቆሻሻ» ብሎ መጥራት ተገቢ አይደለም። ባለሙያው ስሙን ለይቶ ያውቀዋል። እንጨቱ ገና እርጥብ ሆኖ መሮውም ስል የሆነ እንደ ሆነ፥ ከመሮው ጫፍ የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ጥብጣብ ረጅምና የተጠቀለለ ነው፤ በባለሙያው ትከሻ ላይ ተሻግሮ ከበስተኋላው ይወድቃል። እንጨቱ የደረቀ ከሆነ ጥብጣቡ ይቆራረጥና ስንጣሪ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ፊት ለፊት ወደ ዐይን የሚዘል ስለ ሆነ መነጽር ያስፈልገዋል። መጋዝ የሚያወጣው ሰጋቱራ ነው። በመጨረሻ ዕቃው በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ የሚወጣው ግን ፍቅፋቂም ስንጣሪም ሰጋቱራም አይደለም፤ ብናኝ ነው። አይዘልም፤ አይወድቅም፤ ይንሳፈፋል። ከአራቱ ውስጥ ሰው የሚሸሸው ሦስቱን ሲሆን፥ ሊሸሸው የሚገባው ግን ይህ አራተኛው መሆኑን ወደ ታች እንመለከታለን።

የከበደው ወገን ችግሩ ቀላል ነው፤ ይልቁንም ጥቅሙ ብዙ ነው። የወይራ ፍቅፋቂ አጎቴ ቤት አያድርም፤ የሰፈሩ ሴቶች ለወተት ዕቃና ለጠላ ጋን ማጠኛ እየለቀሙ ይወስዱታል። እንዲያውም ወይራ በተሠራበት ዕለት ከዕቃው ገዢ ይልቅ የፍቅፋቂው ፈላጊ ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። የጽድ ፍቅፋቂ ዘይት ስላለው ለእሳት ማያያዣ የሚስተካከለው የለም፤ ሽታውም ቤቱን እንዳጠኑት ያደርገዋል። የዋንዛው ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ይሆናል። ሰጋቱራውን ደግሞ ምድጃ ይበላዋል። አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ልግለጸው፦ አንድ ትልቅ ጣሳ ከታች በጎኑ ይበሳል፤ በመካከሉ ዱላ ይቆምና ሰጋቱራው በዙሪያው እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ዱላው በቀስታ ሲነቀል ቀዳዳው እንደ ጢስ መውጫ ሆኖ ይቀራል። በታች በኩል እሳት ሲለኮስበት ለብዙ ሰዓት ሳይጠፋ ይነድዳል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ እንደ ሆነ ግን ይናድና እሳቱን ያፍነዋል፤ ስለዚህ አጎቴ ይህን ሥራ ለእንግዳ አይሰጡም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉት፥ ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ የሚጨመቁት ጣውላዎች በየሥራ ቤቱ ሞልተዋል። የእነዚህ ሰጋቱራ ኮላ ያለበት ስለ ሆነ፥ የቀለም ወይም የቫርኒሽ ፍቅፋቂም እንዲሁ፥ ለምድጃም ለዶሮም አይሆንም። አትክልት ለሚያለሙ አንባቢዎችም፦ ትኩስ ሰጋቱራ ከዐፈር ጋር ተቀላቅሎ ከተቀበረ ሲበሰብስ የዐፈሩን ናይትሮጅን ይሻማልና ተክሉ ይቢጫል። ከላይ ማልበስ ወይም ከፍግ ጋር ሆኖ እስኪበሰብስ መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ብናኙ እንምጣ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ በጨረሩ ውስጥ የሚዋኘውን ነገር ያላየ የለም። ሰው ይህን ሲያይ «ብናኙ ይኸው» ይላል። ይሁን እንጂ ዐይን ለይቶ የሚያየው ከብናኙ ትልልቁን ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ትልልቁን ብናኝ የአፍንጫ ጠጉርና ንፍጥ ይይዘዋል፤ አፍንጫ ሲናፈጥ ቡናማ ሆኖ የሚወጣው እርሱ ነው። ከ10 ማይክሮን የሚያንሰው ግን ጕሮሮን አልፎ ወደ ደረት ይወርዳል፤ ከ5 በታች የሆነው እስከ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። ይህ ደቃቅ ብናኝ ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ ከሰው ቁመት ተነሥቶ መሬት እስኪደርስ፥ 5 ማይክሮን የሆነው አንድ ሰዓት ያህል ሲፈጅበት፥ 1 ማይክሮን የሆነው ከግማሽ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፥ ወለሉ ተጠርጎ፥ ሠራተኛው የአፉን መሸፈኛ አውልቆ ሻይ ሊጠጣ ሲቀመጥ፥ አየሩ ንጹሕ መስሎ ሳለ ንጹሕ አይደለም።

ይህን ነገር ሰው የተረዳው ዛሬ አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈው መጽሐፍ በሞዴና ከተማ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1700 ነው። ይህ ሰው ለሐኪሞች ካስተማረው ሁሉ የሚበልጠው አንዲት አጭር ጥያቄ ናት፤ ይኸውም ሐኪም በሽተኛውን ስለ ሕመሙ ከሚጠይቀው ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምር ነው። ከእርሱ በኋላ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም በምትባለው የወንበር ከተማ ኤስሜ ሃድፊልድ የተባለች የአፍንጫና የጕሮሮ ሐኪም፥ በሌላው ሕዝብ ዘንድ እጅግ የማይዘወተር የአፍንጫ ውስጥ ነቀርሳ፥ ዛሬ ካንሰር የምንለው፥ በእንጨት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ተደጋግሞ መታየቱን አስተዋለች። እርስዋና ሌሎች ሐኪሞች ያደረጉት ምርመራ በ1968 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1995 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የእንጨትን ብናኝ በሰው ላይ ነቀርሳ ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች መካከል መዘገበው።

ስለ ሃይ ዊኮም ሳነብብ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያች ከተማ ዙሪያ ባሉት ደኖች ውስጥ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ የወንበር እግር የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። ዛፉን ቆርጠው፥ ገና ውሃው ሳይደርቅ፥ እዚያው ዛፉ ሥር ጠርበው የወንበሩን እግር ያወጡና ወደ ከተማው ይልኩታል። የእነዚህ ሰዎች ቶርኖ የሚጥለው እርጥብ ፍቅፋቂ ነው፤ ቤታቸውም ደን ነው። ደረቅ እንጨት በሞተር ሲጋዝና ሲለሰልስ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የሚውለው የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ብናኙን ሲምግ ይውላል። ከአንድ አገር፥ ከአንድ ሙያ፥ ለአንድ ወንበር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚተነፍሱት አየር ግን ይህን ያህል ይለያያል።

አጎቴ ጠዋት ጠዋት ያስላሉ። ይህ ሳል ከእኔ ዕድሜ ጋር አብሮ ያደገ ስለ ሆነ ማንም እንደ ሕመም አይቈጥረውም ነበር፤ አክስቴ እንዲያውም ሳሉን ሰምተው ነው ቡና የሚጥዱት። ነገሩን ከባድ ያደረገው ልጁ ነው። ሁለተኛው ልጃቸው አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ሙያውን ሊማር ከቶርኖው አጠገብ ቆመ፤ አጎቴም ወራሽ በማግኘታቸው ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ልጁ እጀ ብልህ ነው። ነገር ግን ጥቂት ወራት እንደ ቆየ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ያፏጭ ጀመር። ወደ አንድ የሕክምና ቤት ተወስዶ ነበር፤ እዚያ ያየው ሐኪም ሲጋራ ያጨስ እንደ ሆነ ጠየቀውና አለማጨሱን ሲሰማ የሳል ሽሮፕ ጽፎለት ሰደደው። የራማዚኒን ጥያቄ አልጠየቀውም።

እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ያወቅሁበትን አደረግሁ፤ አንድ ደብተር አስመርቼ ሰጠሁት። በየቀኑ የተሠራው እንጨት ምን እንደ ሆነ፥ እርጥብ ይሁን ደረቅ፥ የብርጭቆ ወረቀት ተሠርቶበት እንደ ሆነ፥ ሌሊቱስ እንዴት እንዳደረ በአራት ዓምድ እንዲጽፍ ነገርሁት። ለሦስት ሳምንት ጻፈ። ደብተሩ ሲነበብ ነገሩ እንደ ፀሐይ የተገለጠ ነበር፦ ደረቅ እንጨት በለሰለሰበት ዕለት ሌሊቱ የፉጨት ሌሊት ነው፤ እሑድና በዓል ሲሆን ደረቱ ጸጥ ይላል፤ እርጥብ እንጨት ብቻ በተሠራበት ቀን ደግሞ ከሞላ ጐደል ደኅና ያድራል። ያንን ደብተር ይዘን ወደ ሌላ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ከደረቱ ማዳመጫ በፊት ደብተሩን አነበበ፤ ከዚያም በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠውና «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ ብናኙ ካልተወገደ ልጁ ሙያውን መልቀቅ አለበት» አለ።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ተቈጡ። «ልጄ፥» አሉኝ «እኔ ይህን ብናኝ ሠላሳ አምስት ዓመት ስቅመው ኖሬአለሁ። የሚገድል ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ባልጠበቀኝ ነበር።»

«ጋሼ፥ የእርስዎን ነገር አይደለም ያነሣሁት፤ የእርሱን ነው» አልኋቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ሞተሩን አጠፉ፤ የቺንጋው ድምፅ እስኪቆም ድረስ ቆመው ጠበቁ። ከዚያም በመስኮቱ ላይ የነበረውን የማዳበሪያ ከረጢት በገዛ እጃቸው ቀደዱት። ሥራችን የተጀመረው በዚያ ቀን ነው።

ሥራው ግን እንደ ተመኘነው ቀላል አልሆነም። ብዙ ሰው «ማራገቢያ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው» ይላል፤ ማራገቢያ ብናኙን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው ከማጓጓዝ በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ብናኙ ከምንጩ መያዝ አለበት። ምንጩን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ማሳነስ ይቻላል፤ ይህም ጥበብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሮን መሳል ነው። ደንዝዞ እንጨቱን የሚፍቅ መሮ ፊቱን ሻካራ አድርጎ ስለሚተወው ባለሙያው ያንን ሻካራ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሻሽ ይውላል፤ ስል መሮ ግን በትክክለኛው አያያዝ ሲቈርጥ ጥሎት የሚያልፈው ፊት የሚያብረቀርቅ ስለ ሆነ፥ ለወረቀቱ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። አጎቴ ይህን ከእኔ አልተማሩም፤ እርሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ለልጃቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሮ መሳልን እንደ ዋና ትምህርት ያዙለት። ማለስለሻው ሲደርስ ደግሞ ቺንጋውን ወደ ዝግተኛው መዘውር ያዛውራሉ፤ ዕቃው በዝግታ ሲዞር ብናኙም በርቀት አይረጭም፤ ወረቀቱም አይቃጠልም።

ከዚህ በኋላ መምጠጫው መጣ። ከምናለሽ ተራ የአሮጌ መሣሪያ ነፋሻ ገዛን፤ ቆርቆሮ ሠሪ ከጎኑ እንደ ተኛ ሰፊ ጥሩምባ ያለ አፍ ሠራልን፤ አፉን ከቶርኖው በስተጀርባ አቆምነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሕግ አለ። ጧፍን በትንፋሽ ነፍቶ ከርቀት ማጥፋት ይቻላል፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ ማጥፋት ግን ከንፈር ካልተጠጋ አይቻልም። መምጠጫም እንደዚሁ ነው፦ የቱቦው አፍ ስፋት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ከአፉ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ያለው የአየር ፍጥነት አፉ ላይ ካለው አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አፉ ከዕቃው አንድ ስንዝር ሲርቅ መምጠጫው ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ አንድ ውሳኔ ላይ ደረስን። ፍቅፋቂውን አናሳድደውም። መሮ ወዲያና ወዲህ በዞረ ቍጥር እርሱም አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ረጅሙ ጥብጣብ ቢገባ ደግሞ ቱቦውን ይደፍናል። እርሱ መሬት ይውደቅ፤ በኋላ በአካፋ ይነሣል። መምጠጫው የተሠራው ለብርጭቆ ወረቀቱ ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ አፉ ከዕቃው በአራት ጣት ርቀት ይጠጋል።

በነፋሻውና በአፉ መካከል አንድ በርሜል አስገባን። ቱቦው በበርሜሉ ጎን አግድም ስለሚገባ አየሩ በውስጡ እንደ ዐውሎ ነፋስ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየሩ በላይ በመካከል በኩል ይወጣል። በዚህ ዓይነት ስንጣሪ ከነፋሻው ምላስ ጋር አይጋጭም። ደቃቁ ብናኝ ግን በበርሜል አይታለልም፤ ከአየሩ ጋር አብሮ ያልፋል።

ማለፉን ከእኛ አስቀድመው ያወቁት ጎረቤታችን ናቸው። አጎቴ የመውጫውን ቱቦ አቅጣጫ ሲወስኑ የተመለከቱት ቅርበቱን ነበር፤ ቅርብ የነበረው ደግሞ የእማማ አጥር ነው። በማግስቱ በርበሬያቸውን በሰፌድ አስጥተው ገበያ ሄደው ሲመለሱ በርበሬው ዋንዛ ለብሶ ቆያቸው። «አንተ ልጅ፥ እኛ ደግሞ በምን ዕዳችን ነው እንጨት የምንበላው?» ብለው ለእኔ ተናገሩ፤ አጎቴ ያን ጊዜ ከቶርኖው ጀርባ አጎንብሰው አንድ የወደቀ ብሎን ይፈልጉ ነበር። ነገሩ በሽማግሌ አልቆ፥ በርበሬውም ተተክቶ፥ ባለቤቴ ከወፍራም አቡጀዲ አንድ ረጅም ከረጢት ሰፋችልን፤ በቱቦው ጫፍ ታሰረ። ከረጢቱ ሲነፋ የሰው ቁመት ያህላል። ሰፊ መሆኑ ይጠቅማል፤ አየሩ በዝግታ ስለሚያልፍ ብናኙን ያስቀራል። ሁሉንም ግን አያስቀርም፤ ስለዚህ ቦታው ከቤት ውጭ በጣሪያው ክፈፍ ሥር ሆነ፥ ከእማማም አጥር ራቀ።

የጽዳቱም ነገር ተለወጠ። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ የተኛውን ብናኝ ቀስቅሶ እንደ ገና ማስተንፈስ ነው፤ በኮምፕሬሰር መንፋት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። እኛ አንድ ባልዲ ሰጋቱራ በውሃ አርሰን ወለሉ ላይ እንበትነውና እርሱን እንጠርገዋለን፤ እርጥቡ ሰጋቱራ ደቃቁን እየጠቀለለ ይሄዳል። ሰጋቱራ የገዛ ወንድሙን ሲያሥር ማየት ደስ ያሰኛል። ሥራ ልብስ እዚያው ይሰቀላል እንጂ ወደ ቤት አይገባም፤ እኔም የአንድ ዓመት ሕፃን ስላለኝ ይህን ደንብ ከሁሉ ይልቅ አጠብቃለሁ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ በዘንጉ ላይ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ በእጅ አይነካም፤ ነጠላም ሻርፕም የለበሰ ሰው ወደ ቶርኖው አይጠጋም።

ስለ እሳትም አንድ ቃል። በየሥራ ቤቱ ቢኬድ በፍቅፋቂ ክምር ላይ የተጣለ የዘይት ጨርቅ አይጠፋም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ሲጣል በራሱ ጊዜ እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም ውሃ ውስጥ ይነከራል። በአየር ላይ የተነሣ ደቃቅ ብናኝ ደግሞ ከመንደድ አልፎ ይፈነዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 በካናዳ አገር በጥርና በሚያዝያ ወራት ሁለት የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች በዚሁ ምክንያት ተቃጥለው በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል። የእኛ ክፍል ትንሽ ብትሆንም፥ በጣሪያው ማገር ላይ ለዓመታት የተከማቸውን ብናኝ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ስንጠርግ ውለናል።

የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ ስለ ሕጉም ማሰቤ አልቀረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፥ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዝዛል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን አጎቴ አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸውም ተቀጣሪ ሳይሆን ልጅ ነው። ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጎዳና ላይ ያሉት ባለሙያዎች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው፤ ተቈጣጣሪ ቢመጣስ ማንን ከማን ጋር ያነጋግራል? በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚፈቀደው የጠንካራ እንጨት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ 2 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ለአጎቴ ለማስረዳት ሚዛን አላስፈለገኝም፤ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ከግራም ሲሶ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ርዝመቱም ስፋቱም ከፍታውም አንድ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ ስድስት የጤፍ ፍሬ ተፈጭቶ ቢበተን ልኩ ሞላ ማለት ነው። አጎቴ ስድስት ጤፍ በመዳፋቸው ላይ ቈጥረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይህችን?» አሉ።

የቀረን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ነው። በአፍ ላይ የሚጠመጠመው ሻሽ ስንጣሪ ይከለክላል እንጂ ደቃቁን አያቆምም። ኤን 95 የሚል ምልክት ያለበት ግን እንደሚገባ ከተደረገ ከመቶ ዘጠና አምስቱን ያስቀራል። «እንደሚገባ» ማለት ጠርዙ በዙሪያው ከቆዳ ጋር ሲገጥም ነው። ልጁ ገና ጢም ስለሌለው በፊቱ ላይ በደንብ ገጥሞለታል፤ ከመስቀል በዓል ወዲህ በደብተሩ ላይ የፉጨት ሌሊት የተመዘገበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አጎቴ ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያከብሩት ሙሉ ጢም አላቸው፤ አየሩም ከመሸፈኛው ይልቅ በጢማቸው በኩል መንገድ አግኝቶ ይገባል። ጢም ላለው ሰው የሚሆን፥ በባትሪ እየተጣራ ንጹሕ አየር የሚነፍስ የራስ ቍር አለ፤ ዋጋው ግን የአጎቴን ቶርኖ ዋጋ ሳያስንቅ አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ነገሩን በቀስታ አነሣሁባቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ፤ በመስኮቱ መስተዋት ተመለከቱት። «ለፋሲካ ጠጉሬን ሳስተካክል አስብበታለሁ» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ የደረቅ እንጨት ማለስለስ የእኔ ሥራ ሆኗል፤ ጢሜን ለቢሮ በየጠዋቱ እላጫለሁና።